ከብርድ ልብሱ በፊት ጠያቂ ይኑራቸው

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። እናቴ ዕድሜዋ ከ75 ያለፈ ሲሆን ከወልቂጤ ወደ እምድብር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ወደ እኔ አምጥቻት ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላት "ወደ ቤቴ መልሺኝ" ብላ አስጨነቀችኝና መለስኳት። ከዚያው ቀበሌ የወጣን 12 ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማኅበር አለን፤ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ለአገራችን አረጋውያን ብለን 60,000 ብር አጠራቅመናል። ባለፈው መስቀል ለዘጠኝ አቅመ ደካሞች ብርድ ልብስና ዘይት ሰጥተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመለስን። በቅርቡ ስሄድ ግን የእናቴን ብርድ ልብስ ከነማሸጊያው ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። አሁን ግማሾቻችን መጦሪያ ቤት እንሥራ ይላሉ፤ ሌሎቻችን የሳር ቤታቸውን በቆርቆሮ እንቀይርላቸው እንላለን። ወንድሜ ደግሞ ለእናታችን ምንም አያዋጣም። ገንዘቡን ምን ብናደርገው ይሻላል? እኔስ ሥራዬን ሳልለቅ እናቴን እንዴት ልጡር?»

ውድ ጠያቂያችን፣

በቅድሚያ በብርድ ልብሱ አይዘኑ። እናትዎ ያልፈቱት ስጦታዎን ንቀው አይደለም፤ በገጠር ያሉ አብዛኞቹ አረጋውያን አዲስ ነገር ሲሰጣቸው ለእንግዳ ወይም ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። ይሁን እንጂ ያ ሣጥን አንድ ነገር ይነግረናል፤ ዘጠኙን አረጋውያን የቸገራቸው ብርድ ልብስ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ በየገጠሩ ስዘዋወር ያየሁት ሁሉ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደርሳቸው ዕቃ ይልቅ በየሳምንቱ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ ምክሬ በሙሉ ከዚህ የሚነሣ ስለሆነ ከአሁኑ ልንገርዎት፤ ገንዘባችሁን ለዕቃ ሳይሆን በቅርብ ላለ ቋሚ ጠያቂ አውሉት።

በእናንተው አገር ያየሁትን ልጥቀስ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ገባሁ፤ ከጓሯቸው የደረሰ እንሰት እንደ ደን ቆሟል፣ እሳቸው ግን ከትናንት የተረፈ ቆሎ እየቆረጠሙ ተቀምጠዋል። «ቆጮ የለም እንዴ?» ብላቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመው አይታጠፉም። እንሰቱን ነቅሎ ግንዱን የሚሰነጥቅ ወንድ፣ ሳንቃው ላይ እግሯን አስደግፋ የምትፍቅ ሴት፣ ከዚያም ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረውን በየጊዜው ከፍቶ ቅጠሉን የሚለውጥ ሰው ከሌለ ያ ሁሉ ሀብት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ ይህን ሥራ ምራቶችና የጎረቤት ሴቶች በደቦ ይሠሩት ነበር፤ ዛሬ ምራቶቹ እዚህ አዲስ አበባ ከእኛ ጋር ናቸው። ለእኚያ እናት ዱቄት ብንወስድላቸው እስኪያልቅ ድረስ ይበሉታል። አራት ፋቂ ሴቶች ለሁለት ቀን ብናሠራላቸው፣ ምሳቸውንና ቡናቸውን ብንችል፣ ግማሽ ዓመት የሚበሉት የራሳቸው ምግብ ይኖራቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከራሳቸው ጓሮ የወጣ ስለሆነ እንደ ምጽዋት አይሰማቸውም፤ እንዲያውም ለፋቂዎቹ ከቡላው ቆርሰው ሲሰጡ ሰጪ ይሆናሉ።

ስለዚህ ለመስቀል ስትገቡ በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባችሁ ለዘጠኙም አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነው። ጥያቄው «ምን እንስጥዎት?» አይሁን፤ እንዲህ የተጠየቀ ትልቅ ሰው አፍሮ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ነው የሚለው። ይልቁንም ውኃ ማን ይቀዳልዎታል፣ እንጨት ከየት ያገኛሉ፣ ባለፈው ክረምት ሲታመሙ ማን አወቀ፣ ሌሊት ሲወጡ መጸዳጃው ምን ያህል ይርቃል፣ እንሰቱን መጨረሻ ያስፋቁት መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት። ከዘጠኙ ምናልባት ሦስቱ በየቀኑ ሰው የሚያስፈልጋቸው፣ አራቱ በሳምንት ሁለት ቀን የሚበቃቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ እናንተን የሚረዱ ብርቱዎች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። እነዚህን ሁለቱን አደራ እንዳትዘሏቸው። የትኛው ቤት እንደተቸገረ፣ የትኛዋ ወጣት እንደምትታመን፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር ከቀበሌ ሊቀ መንበሩ ይልቅ እነሱ ያውቁታልና የሥራው መሪዎች ይሁኑ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂዎች ምረጡ። እንደ እኔ ሐሳብ በዚያው መንደር የሚኖሩ፣ አረጋውያኑ ራሳቸው «እገሊት ትምጣልኝ» ብለው የሚጠሯቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ጎልማሳ ይበቃሉ። በነፃ ያገልግሉ የሚል ሐሳብ ከማኅበራችሁ ቢነሣ አልቃወምም፤ ጉርብትናና በጎ ፈቃድ የአገራችን ጌጥ ናቸው። ነገር ግን የራሷ እርሻና ልጆች ያሏት ሴት በሳምንት ሦስት ቀን ውኃ ቀድታ፣ ልብስ አጥባ፣ መድኃኒት መዋጡን አይታ ለዓመታት እንድትዘልቅ ከፈለግን የድካሟን ነገር ልናስብላት ይገባል። 12ታችሁ በወር 500 ብር ብታዋጡ 6,000 ብር ይሆናል፤ ግማሹ ለሦስቱ ጠያቂዎች የወር ድጎማ፣ ቀሪው ለእንሰት ማስፋቂያ፣ ለሳሙና፣ ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት ሊውል ይችላል። 60,000 ብሩን ደግሞ አትንኩት፤ ሌሊት የታመመ ሰው ወደ አጣጥ ሆስፒታል ወይም ወደ ወልቂጤ የሚያደርስ መኪና ሲያስፈልግ በሰዓቱ የሚገኝ ገንዘብ ይሁን። ገንዘቡን የሚይዘው ሰውም አንድ ብቻ አይሁን። በቴሌብር ወደ አንድ ዘመድ ስልክ ብቻ እየላኩ ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ወንድማማቾች የተጣሉበትን ቤት አውቃለሁ። የሚላከው ብር መጠን በተላከ ቁጥር ለአረጋዊው ራሱና ለአንድ ሽማግሌ በስልክ ይነገር፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ለሌላ አሳልፈው እንዳይሰጡ ንገሯቸው።

አዲስ ድርጅት እናቋቁም የሚል ሰው ከመካከላችሁ ከተነሣ ለጊዜው ይቆይ በሉት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አምስት ሰዎች ማኅበር መሥርተው እንዲመዘገቡ ይፈቅዳል፤ ከተመዘገባችሁ ግን ዓመታዊ ሪፖርትና የሒሳብ ሥራ ይከተላችኋል። ያው አዋጅ እድርና እቁብን አይመለከትም። በመንደሩ ያለው እድር እስከ ዛሬ የሚሰበሰበው ለቀብር ነው፤ እናንተ ደግሞ ከመሞታቸው በፊት ላሉት ቀናት አንድ የወር መዋጮ ጨምራችሁ እንዲሠራ ብትጠይቁት ዳኛው፣ ጸሐፊውና ጥሩንባ ነፊው ሳይቀሩ ከነሙሉ አደረጃጀቱ ተዘጋጅቶ ታገኙታላችሁ። በብዙ ቀበሌዎችም የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባል ኮሚቴ አለና በእናንተ ዘንድ መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ በእሱ በኩል ሥሩ። የእናንተ አገር ሰው በዚህ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከየንግዳቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከመንግሥት ጋር ተባብረው አገራቸውን በመንገድ አገናኝተዋል። እናትዎ ዘንድ የሚሄዱበትም መንገድ የዚያ ሥራ ውርስ ነው።

አሁን ከኪሳችሁ ሳትከፍሉ ልታገኙት ስለምትችሉት ነገር ልናገር፤ ብዙ ልጆች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ገጠር የኖረ ገበሬ የጡረታ አበል የለውም። የመንግሥት ሠራተኛው ከጥንት ጀምሮ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛውም ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ፣ አርሶ አደሯ እናትዎ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የሚቆረጥላቸው አንድ ብር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል፤ በተግባር ይህ በገጠር የሚታየው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ወረዳው በፕሮግራሙ ከታቀፈ፣ ሥራ መሥራት የማይችሉና ረዳት የሌላቸው አረጋውያን ጉልበት ሳይጠየቁ በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይያዛሉ። ከዘጠኙ መካከል ልጅ የሌላቸው ካሉ ለቀበሌው አመልክቱላቸው፤ እናትዎ ግን ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስለሚሠሩ ላያገኙት ይችላሉና እሱን ተስፋ አድርገው አይጠብቁ።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በአገሪቱ የተስፋፋው ይህ መድን በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ ቤተሰቡ በሙሉ በጤና ጣቢያና በሪፈር ደግሞ በሆስፒታል እንዲታከም ያደርጋል፤ የመክፈል አቅም የሌላቸውን ድሆች መዋጮ ወረዳውና ክልሉ ይሸፍናሉ። ችግሩ ደብተሩ በየዓመቱ መታደስ ያለበት መሆኑ ነው። የምዝገባው ወቅት ሲታወጅ ሕዝቡ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ላይ ይሰማል፤ አልጋ ላይ ያሉት አይሰሙም፤ ሲታመሙም ያለፈበት ደብተር ይዘው ይሄዳሉ። በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ አንድ አባት ጊዜው ያለፈበትን ደብተር በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ በሁለት እጃቸው ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሲያቀርቡና ሲመለስላቸው አይቻለሁ፤ የጎደለው የአንድ ሰው የግማሽ ቀን እግር ብቻ ነበር። ስለሆነም የጠያቂዎቻችሁ የመጀመሪያ ሥራ የዘጠኙንም ደብተር ማሳደስ ይሁን። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደው ሒሳብ እንዳይጠየቁም መጀመሪያ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር መጻፉን ያረጋግጡ። በቀበሌው ጤና ኬላ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተዋወቋቸው፤ ሥራቸው በብዛት እናቶችና ሕፃናት ላይ ቢያተኩርም ቤት ለቤት መሄድ የሥራቸው አካል ነውና የእነዚህን አረጋውያን ቤት በመንገዳቸው ላይ እንዲጨምሩ በትሕትና ብትጠይቋቸው እንቢ አይሉም።

ከጤናው ሳልወጣ ስለ ዐይን ላንሣ። አክስቴ በገጠር ሦስት ዓመት በጭላንጭል ኖራለች። የወሰዳት ሰው «እርጅና ነው» ተብሎ ከጤና ተቋሙ በር ተመለሰ፤ እኛም አዲስ አበባ ሆነን አመንን፣ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ የዐይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑ ታወቀና ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተቀደደላት። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ትክ ብላ አየችኝና «ፀጉርህ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?» አለችኝ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዚሁ በሚድን የሞራ ግርዶሽ የመጣ ነበር። ስለዚህ «ዐይኔ ደከመ» ያለ አረጋዊ ካለ እርጅና ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ለእናንተ አካባቢ በዐይን ሕክምና የሚታወቀው የቡታጅራው ግራርቤት ሆስፒታል ይቀርባል፤ እዚህ ደግሞ የምኒልክ ሆስፒታል አለ፣ ለእርስዎም ከመሥሪያ ቤትዎ ሩቅ አይደለም።

ስለ መጦሪያ ቤቱ ሐሳቤን በግልጽ እነግርዎታለሁ፤ አትሥሩት። ሜቄዶንያን የመሰሉ ተቋማት ጎዳና ላይ የወደቀውንና ማንም የሌለውን ሰው ያነሣሉ፤ ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። የእናንተ ዘጠኝ አረጋውያን ግን ቤት፣ ጓሮ፣ ጎረቤትና መቃብር የሚጠብቃቸው ደብር አላቸው። ከዚያ አውጥቶ አንድ አዳራሽ ማስገባት ያላቸውን መንሣት ነው። በዚያ ላይ ግድግዳው አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የሞግዚቷ ደመወዝ፣ የውኃው፣ የምግቡና የሐኪሙ ወጪ ግን በየወሩ ይመጣል፣ 12 ሰው ሊችለው አይችልም። የቆርቆሮውን ነገር በጥቂቱ እቀበላለሁ። ሳር የሚከድን ሰው በጠፋበት ጊዜ ቆርቆሮ ክረምቱን ያሳርፋል፤ ነገር ግን ከጣሪያው በፊት ቤቱ አጠገብ የሚገኝ መጸዳጃ፣ ከአልጋ እስከ በር የሚያዝ አግዳሚ እንጨት፣ የማያደናቅፍ መድረክ ይቅደም። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚመጡ ተማሪዎችም ካሉ እንዲህ ላለው ሥራ እጅግ ይጠቅማሉ፤ ዕቃውን አስቀድማችሁ ብታቀርቡላቸው በሁለት ቀን ይጨርሱታል። ፎቶግራፉን ግን ተዉት። ልጆቿን በክብር ያሳደገች ሴት ዘይት ስትቀበል በሰው ስልክ ላይ መታየት አይገባትም።

ወደ እናትዎ ልመለስ። ወደ ቤቴ መልሺኝ ማለታቸው እርስዎን መጥላት አይደለም። እዚህ መሐል ከተማ የምንኖረው እንኳ ይህን ልንረዳው ይገባል፤ ከፒያሳ በልማት ተነሥተው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ከሄዱ ጎረቤቶቼ መካከል ለእድራቸው ስብሰባ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ የለመዱትን ሰው ፍለጋ ነው። እናትዎም ቀን ሙሉ እርስዎን ሲጠብቁ በአንድ ክፍል ከሚውሉ በራሳቸው ጓሮ የሚጠራቸውን ሰው ድምፅ መስማት መረጡ። ስለዚህ ሥራዎን አይልቀቁ፤ ደመወዝዎ የእሳቸውም ጥሪት ነው። የዓመት ዕረፍትዎን ግን በአንድ ጊዜ ለመስቀል አይጨርሱት። ለመስቀል አገሩ ሁሉ ሰው ነው፤ ጭር የሚለው ከዚያ በኋላ ነውና ከፈቃድዎ ግማሹን ለጥርና ለግንቦት ያቆዩት። በሳምንትም ሁለት ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይደውሉ፤ ሰዓቱ የታወቀ ከሆነ ባያነሡ ችግር መኖሩን ያውቃሉ፣ ወዲያው ለጎረቤት መደወል ይችላሉ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ የቤተሰብ ሕጉ ተወላጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ ወደ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር አላየሁበትም። ብዙ ጊዜ የማያዋጣ ሰው የሚያዋጣው የሌለው ወይም መጠኑ አንሶ የሚያፍር ሰው ነው። ገንዘብ አይጠይቁት፤ ሌላ ነገር ይስጡት። የእናታችሁን የመድን ደብተር ማሳደስና በሪፈር ሲሄዱ ይዟቸው መሄድ የአንተ ድርሻ ነው ይበሉት፤ ቀኑንም አብረው ይቁረጡ። ይህንንም እንቢ ካለ ያን ጊዜ ሁለት ሽማግሌ ይላኩበት።

እስከሚቀጥለው ስብሰባችሁ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ። ዛሬ ማታ እናትዎ ዘንድ ይደውሉና ከደረሰው እንሰት ስንቱ ሳይፋቅ እንደቆመ፣ የመድን ደብተራቸው መቼ እንደታደሰ፣ ደግሞም «ልጄ እስክትመጣ ይህች ትግባልኝ» የሚሏት ጎረቤት ማን እንደሆነች ይጠይቋቸው። ስሟን ይነግሩዎታል፤ እሑድ ራስ መኮንን ድልድይ ስትሰበሰቡ የመጀመሪያዋ ጠያቂያችሁ እሷ ትሁን።